የቡርቃን ጉሬዛዎች በተመለከተ ለክቡር ቀኛዝማች ሽብሩ የቀረበ ምስጋና

ነቀምቴ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለክቡር ቀኛዝማች ሽብሩ ተድላ
የጨፌ ቡርቃ ምክትል ወረዳ ገዥ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ይህ ለደብዳቤ ወግ ያህል የተጻፈ እንዳይመስልዎ፤ ከልቤ ነው። ጉንፋን እንዳይነካዎ፣ ወገብዎን እንዳያምዎ፣ በቅሎዎም መንገድ ላይ እንዳትሰናከል፣ በተለይም ኅዳር 11 ቀን ጠዋት በሁለት እግርዎ ቆመው ነቀምቴ ፍርድ ቤት እንዲደርሱ ጠዋት ማታ እጸልያለሁ። ባለፈው ቀጠሮ ሆድዎን ቆርጦዎት መቅረትዎን ስሰማ ምን ያህል እንዳዘንኩ እግዚአብሔር ያውቃል፤ የእርስዎ ሆድ ቁርጠት እኔን ነበር ያላስተኛኝ።

ላያስታውሱኝ ስለሚችሉ ራሴን ላስተዋውቅ። ወልደዮሐንስ ጨመዳ እባላለሁ። በፍርድ ቤቱ ደጃፍ አንዲት ጠረጴዛ ዘርግቼ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ባልን ለሚስት፣ ሚስትን ለባል ከስሻለሁ፤ ወንድማማቾችን በአንድ ቀን ውስጥ አጣልቼ አስታርቄአለሁ፤ ለራሴ ጉዳይ ወረቀት ስዘረጋ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስለዚህ አንዳንዱ ቃል ሻከር ቢልብዎ በልምድ ማነስ ይቁጠሩልኝ። ከዚህም ሌላ የቡርቃ ሸለቆ የዱር አራዊትና የደን ወዳጆች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ማኅበሩን እንኳ በሚገባ ያውቁታል፤ የክብር ፕሬዚዳንቱ እርስዎ ነዎት።

ደብዳቤው ለሕዝብም የሚነበብ ነውና ሌላውም አንባቢ ግራ እንዳይገባው ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ቡርቃ በአገሬው ቋንቋ ምንጭ ማለት ነው፤ ሰባት ዓመት ለገዙን ሰው ይህን ማስረዳት ድፍረት መሆኑ አልጠፋኝም። ሸለቆው አዴ ድርቤ የሚባሉ የባላገር እመቤት ከሟች ባላቸው የወረሱት መሬት ነው፤ ቤታቸውም እዚያው ጫፍ ላይ ነው። የዛሬ አምስት ዓመት ግን ሸለቆ ለመባል የሚበቃ አልነበረም፤ ዛፉ ለከተማው ማገርና ከሰል አልቆ፣ ምንጩ ደርቆ፣ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወስዶት ፍየል እንኳ ዞር ብላ የማታየው ገደል ነበር። ያኔ መምህርት ጸሐይወርቅ፣ በከተማችን ሳይንስ የሚያስተምሩት፣ ሰባት ሰዎችን ሰብስበው ይህ ቦታ ቢጠበቅና ቢተከል የጠፋው አውሬ ሳይቀር ተመልሶ ይመጣል ብለው አሳመኑን። አዴ ድርቤም መሬቱ የእኔ ነው፣ እናንተ ዛፉን መልሱልኝ፣ ከተመለሰ በኋላ ግን ማንም መጥረቢያ አያንሳበት አሉን። ውላችን ይኸው ነበር፤ ወረቀት አልተጻፈበትም። ጸሐፊው እዚያው ቆሜ እያለሁ አለመጻፌን አሁን ሳስበው እጄን መንከስ ያምረኛል።

በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ደቦ ወጣን። አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ የወንጌላውያኑ መዘምራን፣ የጉራጌ ባለሱቆች ሳይቀሩ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ማንም ማንንም ሳያስገድድ፣ ለማንም ቀለብ ሳይሰፈርለት፣ ድንጋይ እየካብን እርከን ሠራን። የዋንዛ፣ የብሳና፣ የቀረሮ ዘር ፍለጋ እስከ ቢላና እስከ ኑኑ ቁምባ በእግራችን ተጓዝን። አዴ ድርቤ በየሳምንቱ የአንጮቴ ሥር ቀቅለው፣ ቅቤ አድርገውበት፣ ስልሳ ሰው ያበሉ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ምንጩ ፈለቀ። በአራተኛው ዓመት ደግሞ በጉብዝናቸው ዘመን ስመ ጥር አዳኝ የነበሩት ኦቦ ዋቅወያ አንድ ቅዳሜ እየሮጡ መጥተው ጉሬዛ ገባ ብለው ነገሩን፤ ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰውዬ እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ከዚያ ወዲህ ኦቦ ዋቅወያ በየሳምንቱ እየቆጠሩ እስከ ታኅሣሥ 1964 ድረስ አሥራ ዘጠኝ መድረሳቸውን በደብተሬ አስጽፈውኛል።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ለዚህ ሥራ ያደረጉልንን ውለታ በተራ በተራ እያነሳሁ ላመስግን።

አንደኛ፣ በምረቃው ዕለት ስለ መገኘትዎ እናመሰግናለን። በዚህ አገር የአንድ ባለሥልጣን ስም ያልተሰቀለበት ነገር ውሎ እንደማያድር የምናውቅ ሰዎች በመሆናችን፣ ፍየል ነጂውም ከሰል አክሳዩም እንዲፈራ ብለን፣ እኛው ራሳችን ለምነን ደኑን በስምዎ ሰየምነው። ሰሌዳውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ይህ ደን በክቡር ቀኛዝማች ሽብሩ ተድላ ስም የተሰየመ ነው» ብዬ፣ ፊደሉን በቀይ ቀለም አስውቤ፣ «ክቡር» የሚለውን ከሌላው አጉልቼ ጻፍኩ። ክቡርነትዎ ጃንጥላ ተይዞልዎት አንድ ሰዓት ከሩብ ንግግር አደረጉ፤ ችግኙ በእጃችን ላይ እየጠወለገ አዳመጥንዎት። ከዚያም ምንጩ ቢፈልቅ ውኃውን እንዲጠጣ የታሰበ እስኪመስል ድረስ ገና ደረቅ በነበረው ምንጭ አፍ ላይ አንድ ባሕር ዛፍ ተከሉ። መምህርት ጸሐይወርቅ በማግስቱ በአክብሮት ነቅለው ከጽሕፈት ቤትዎ ጀርባ ተከሉልዎት፤ አሁን ጣሪያውን ሳያልፍ አልቀረም።

ሁለተኛ፣ ጉሬዛዎቻችንን በጣም ስለ ወደዱልን እናመሰግናለን። መውደድዎን ያወቅነው ጥር 1964 ዓ.ም. ነው። ክቡርነትዎ ወደ አዲስ አበባ ወጥተው ለአንድ ትልቅ ሰው እጅ መንሻ ማቅረብ አስፈልጎዎት ኖሮ፣ የጉሬዛ ቆዳ ምንጣፍ ከሁሉ እንደሚበልጥ አሰቡ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ጥቁርና ነጩ ጠጉር ወለል ላይ ሲነጠፍ ያምራል ይባላል። ነጭ ለባሽ የሚባሉት ታጣቂዎችዎም ቀኑን ሲመርጡ አስተዋዮች ነበሩ። እሑድ ጠዋት፣ ግማሻችን ቅዳሴ ግማሻችን መዝሙር ላይ ሳለን፣ ጠመንጃቸውን ይዘው ገቡ። ተኩሱን ከቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆነን ሰማነው፤ ሰርግ ያለ መስሎን ነበር።

አሥራ አንድ ነው የገደሉት። ቆዳቸውን ገፈው ሥጋውን ምንጩ ውስጥ ጣሉት። ኦቦ ዋቅወያ፣ አዴ ድርቤና እኔ ሰኞን ሙሉ ስንለቅምና ስንቀብር ዋልን፤ ሁለቱ እናቶች ነበሩ፤ ከእነሱ ሥር የተገኙት ነጫጭ ግልገሎች ቆዳቸው ለምንጣፍ ስላልደረሰ ሳይገፈፉ ተጥለዋል። ይህን ስጽፍ ለጨዋነት የሚሆን ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ስለዚህ እንዲሁ ልለፈው።

ሦስተኛ፣ በራሴ ላይ ስላሳደሩት እምነት አመሰግናለሁ። የዱር አራዊት ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ መጥቶ ያለ ፈቃድ ስለ ተገደሉት ጉሬዛዎች ሲጠይቅ፣ ክቡርነትዎ ጸሐፊ ጥሩልኝ አሉ፤ የራስዎ ጸሐፊ ለልቅሶ ሄዶ ነበርና ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ተጠርቼ ጽሕፈት ቤትዎ የቀረብኩት እኔ ሆንኩ። ቁጭ ብለው በቃልዎ አስጻፉኝ። ያ ደን የእኔ አይደለም፣ ስሜ ለክብር ያህል የተሰቀለበት እንጂ በእጄም በይዞታዬም ሆኖ አያውቅም፣ ከምረቃው ቀን ወዲህ እግሬ አልረገጠውም፣ መሬቱ ድርቤ የምትባለዋ ሴት ነው፣ የጠፋ ነገር ካለ እሷ ትጠየቅ ብለው በመሐላ አረጋገጡ። በሦስት ቅጅ ጻፍኩት። ሦስቱንም ሳቀርብልዎት ጥርስዎን በስንጥር እየጎረጎሩ፣ ወደ እኔም ወደ ወረቀቱም ሳይመለከቱ፣ ሦስቱም ላይ ፈርመው ማኅተም አስመቱበት። አንዱ ለተቆጣጣሪው ተሰጠ፤ አንዱ በጽሕፈት ቤትዎ ቀረ። ሦስተኛው ለማን እንደሆነ ግን ትእዛዝ ስላልሰጡኝ፣ የመንግሥት ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት መንገድ ላይ መጣል ነውር ነው ብዬ ቤቴ ወሰድኩት።

በዚያ ቃልዎ ምክንያት አዴ ድርቤ ሁለት ቀን ፖሊስ ጣቢያ አደሩ። የቀበሯቸውን እንስሳት ገድለሻል ተብለው ማለት ነው። ከዚያ ማስረጃ ጠፋ ተባለና መዝገቡ ተኛ። ሴትዮዋ ሲወጡ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየቅዳሜው የሚያበሉት ሰው እንዳይቀርባቸው ጠየቁ። እኛም ቅዳሜ ሄድን፤ እንደ ወትሮው እርከን ስንክብ ዋልን።

አራተኛ፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬ እጅግ ስለሚበዛ ትንሽ ይታገሡኝ። ባለፈው ነሐሴ ክቡርነትዎ ዐይንዎን ገልጠው ሲያዩ ያ ገደል ደን ሆኗል፤ ውኃ አለው፣ ጥላ አለው፣ ከሥሩ ቡና ቢገባ የሚያፈራ ለም አፈር ተቀምጦበታል። ይህን ጊዜ እግሬ አልረገጠውም ያሉትን መሬት ልብዎ ረገጠው። ስለ መሬቱ ለአውራጃው ፍርድ ቤት ያቀረቡትን አቤቱታ ከመዝገብ ቤት በሥርዓት ጠይቄ አንብቤዋለሁ፤ በሙያዬ ብዙ ውሸት ጽፌ አውቃለሁ፣ እንዲህ ያማረ ግን ጽፌ አላውቅም። መሬቱ ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ የራሴ ነው፣ ለዚህም ምስክሩ ስሜ የተጻፈበት ሰሌዳ ነው፣ አራት ዓመት ሲቆም ማንም አልተቃወመም ብለው በመሐላ አረጋግጠዋል። እኔ በእጄ፣ በቀይ ቀለም፣ አጉልቼ የጻፍኩት ሰሌዳ! ያን ቀን ብሩሹን ከምይዝ እጄ በደረቀ ብዬ ስንት ቀን ራሴን እንደረገምኩ ብነግርዎ ደስ ይልዎታልና አልነግርዎትም።

በዚህ ብቻ አላበቁም። በዚያ የሠሩት ስልሳ ሰዎች የእኔ ደቦ ናቸው፣ ጠርቼ አሠራኋቸው፣ ደቦ የወጣ ሰው ደግሞ በሠራበት መሬት ላይ መብት የለውም ሲሉ አከሉበት። የመጨረሻው እውነት ነው፤ የአገራችን ልማድ ይህንኑ ይላል፤ እርሻው የደቦ ጠሪው ነው። ግን ክቡርነትዎ ልማዱን የነገረዎት ሰው ግማሹን ብቻ ነው የነገረዎት። ደቦ የጠራ ሰው ያበላል። ያላበላ ሰው ደቦ ጠራሁ ቢል በእኛ አገር ይሳቅበታል እንጂ አይመለስለትም። እስቲ እንዲያው ለአንድ ጊዜ ያህል፣ በአምስት ዓመት ውስጥ፣ ምን አበሉን? አንዲት ፍሬ በቆሎ ዘግነውልን ያውቃሉ? ስለ ልማዱ እንዲመሰክሩ የተጠሩት የአገር ሽማግሌዎች ይህን ጥያቄ ኅዳር 11 ቀን ጠዋት በችሎት ፊት ይጠይቁዎታል፤ መልሱን ከአሁኑ ቢያስቡበት ብዬ ነው። ስልሳችንም የማን እጅ እንዳበላን ለመናገር ተራ ይዘናል።

አምስተኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ እናመሰግናለን። ፍርዱ ሳይሰጥ ሰዎችዎ ትልልቁን ዛፍ በመጥረቢያ ልጠው ምልክት አድርገውበታል፤ ለአዴ ድርቤም እስከ ኅዳር 30 ቤትሽን ለቀሽ ውጪ የሚል ወረቀት ደርሷቸዋል። ወረቀቱን ይዘው መጥተው በጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉትና ምን ይላል ብለው ጠየቁኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ለሰው መርዶ ሳነብ የኖርኩ ሰው፣ ያን ለታ የመጀመሪያውን መስመር ሦስት ጊዜ ደገምኩት። በኦሮምኛ ተርጉሜ ስጨርስ ወዴት ነው የምሄደው አሉኝ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ጠረጴዛዬን አጥፌ ቤቴ ገባሁና ሦስተኛውን ቅጅ ከሣጥን አወጣሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። መምህርት ጸሐይወርቅ የተኛው የጉሬዛ መዝገብ እንዲነሳ አመልክተው ተፈቅዶላቸዋል። ማመልከቻውን ማን እንደጻፈላቸው መገመት አያቅትዎትም። የምሥራቹ ደግሞ ይኸውልዎ፤ ሁለቱም ጉዳዮች ለአንድ ቀን ተቀጥረዋል፣ ለአንድ ችሎት። ጠዋት የመሬቱ ነገር ይሰማል፤ ከሰዓት በኋላ የጉሬዛው። ክቡርነትዎ በቅሎ ጭነው ሁለት ጊዜ እንዳይንገላቱ የታሰበልዎት ያህል ነው።

እንግዲህ ጠዋት ተነስተው ደኑ የእኔ ነው፣ ከ1960 ጀምሮ በእጄ ነው ካሉ፣ ከሰዓት በኋላ በእርስዎ ደን፣ በእርስዎ ነጭ ለባሾች፣ ለእርስዎ ምንጣፍ ስለ ተገደሉት አሥራ አንድ ጉሬዛዎች መልስ ይሰጣሉ። የለም፣ ደኑ የእኔ አይደለም፣ የድርቤ ነው ካሉ ደግሞ የጠዋቱ ክርክር በራስዎ አፍ አለቀ፤ አዴ ድርቤም ከቤታቸው አይወጡም። ሁለቱንም እላለሁ ካሉ ሁለት ጊዜ ምለዋልና አንዱ የሐሰት መሐላ ነው፤ ለእሱም ሕግ አለው። ፊርማው የእኔ አይደለም እንዳይሉ አንደኛው ቅጅ አዲስ አበባ በተቆጣጣሪው እጅ ይገኛል። ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጬ አራተኛ መንገድ ፈልጌልዎት ነበር፣ በሙያዬ ምያለሁ፣ አጣሁልዎት።

ምናልባት ይህ ሰው ምን በደልኩት ብለው ይጠይቁ ይሆናል። በእኔ ላይ ምንም አላደረጉም። መሬቴን አልወሰዱ፣ አላሰሩኝ፣ አላስገረፉኝ። ግን እጠላዎታለሁ። ይህን ቃል ለማንም ጽፌ አላውቅም፤ ደንበኛ ጻፍልኝ ሲለኝ እንኳ «ቅሬታ አለኝ» በሚለው አለዝቤ ነበር የማልፈው። ስልሳ ሰው በነጻ ጉልበቱ ከገደል ያወጣውን ነገር አንድ ሰው ለወለል ምንጣፍና ለቡና ሲል ሲያጠፋው አየሁ፤ መሣሪያው ደግሞ የእኔው የእጅ ጽሑፍ ነበር። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ይህ አቤቱታ አይደለም። አቤቱታ የሚጽፍ ሰው የሚለምነው ነገር አለው፤ እኔ የምጠብቀው ቀን እንጂ የምለምነው የለኝም።

ከክቡርነትዎ ዘንድ የበዛ ሞገስ ሳይሆን ግልጽ ፊርማ ብቻ ያገኘሁ፣ ማዕርግዎን ለመጻፍ እጄ የማይደክም፣ ዕድሜዎ እስከ ኅዳር 11 ከሰዓት በኋላና ከዚያም አልፎ በወህኒ ቤት አጥር ግቢ ውስጥ ለረጅም ዘመን እንዲቆይ የምመኝ፣ በታላቅ አክብሮት፣

ወልደዮሐንስ ጨመዳ
ማመልከቻ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
— ለአውራጃው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት፣ ከሁለቱም የመሐላ ቃሎች ቅጅ ጋር
— ለዱር አራዊት ተቆጣጣሪው፣ አዲስ አበባ
— ለነቀምቴ ገበያ፣ በአራት ቦታ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ
— ለክቡርነትዎ ነጭ ለባሾች፣ ቤቴን ከመፈለግ እንዲያርፉ፣ በሥራ ሰዓት ሁሉ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ዳኞች በሚያዩኝ ቦታ እገኛለሁ

ማስታወሻ፦ አዴ ድርቤ አማርኛ ብዙም ስለማይሆንላቸው ይህን ደብዳቤ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ሰምተው ሲያበቁ ቃሌን ጨምርልኝ አሉኝ። ክቡርነትዎ ከቀጠሮው በፊት መሬቱን በጽሑፍ ከለቀቁላቸው፣ የጉሬዛው መዝገብ እንዲዘጋ እሳቸው ራሳቸው ዳኛውን ይለምናሉ፤ ማኅበሩንም ያስታርቃሉ፤ እርስዎም ቅዳሜ ዶማ ይዘው ቢመጡ እንደ ማንኛውም ሰው ከመካከላችን ገብተው ይሠራሉ፣ ሰው ይሳሳታል ብለዋል። ቃላቸው አደራ ነውና ሳልጨምር ሳልቀንስ አድርሻለሁ፤ ይህን ካደረጉ እሳቸውን እምቢ የሚል ከመካከላችን እንደማይኖርም፣ እኔን ጨምሮ፣ ማወቅ ይገባዎታል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ የምለምነው የለኝም ማለቴ ሐሰት ሆነ። እባክዎን ክቡር ሆይ፣ እንደ ልማድዎ ሴትዮዋን ይናቋቸው፤ እንዳይቀበሏቸው።